ያለ ቀበቶ የማይነሳው ሹፌር

ብርብር በምትባል ትንሽ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቤቴ ሲቀላ ስለሆነ ሰኞ ማለዳ እሄዳለሁ፣ ዓርብ ከሰዓት እመለሳለሁ። በነዚህ ስድስት ዓመታት የተመላለስኩት ከአንድ ሹፌር ጋር ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ስሙ ዳና አንጁሎ ይባላል።

ዳና ሃምሳ ሊሞላው ነው። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው ከጨንቻ በላይ ባለ የደጋ መንደር ሲሆን፣ በሃያ ዓመቱ ወደ ቆላ ወርዶ መጀመሪያ ጭነት ተሸካሚ፣ ኋላ ሹፌር ሆነ። አማርኛ የተማረው መናኸሪያ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ወንድና ሴት ይምታቱበታል፤ «እህቴ መጣ» ይላል። ማን እንደመጣ ስለሚገባን ማንም አያርመውም።

መናኸሪያው ግን ዳናን የሚያውቀው በሌላ ነገር ነበር። ጋቢና የገባ ሰው ቀበቶ ካላሰረ መኪናውን አያስነሳም። ተራ አስከባሪው በሩን እየደበደበ ቢጮህበት፣ ከኋላ የተቀመጡት ቢያጉረመርሙ፣ እሱ ሞተሩን ያጠፋና ቁልፉን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። «እኔ አልቸኩልም» ይላል። ትራፊክ ፖሊስ የሚፈራ የሚመስላቸው ነበሩ። ሌሎቹ ሹፌሮች ቀበቶውን ፍተሻ ጣቢያው ሲደርሱ በደረታቸው ላይ ጎትተው በእጃቸው ይይዙታል፣ ሲያልፉ ይለቁታል። ዳና ይህን ሲያይ ራሱን ይነቀንቃል።

ምክንያቱን አንድ ዓርብ ነገረኝ። ካሌብ የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረው። ካሌብ እዚሁ ሲቀላ አደባባዩ አጠገብ፣ ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት፣ በሰው ርምጃ በሚባል ፍጥነት እየሄደ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጨ። ከመኪናው የተጎዳው መብራቱ ብቻ ነበር። የካሌብ ፊት ግን፣ ቀበቶ ስላላሰረ፣ የፊት መስታወቱን መታ። ዳና ደግፎ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ የካሌብ ሁለቱም ዓይኖች ግን ከዚያ በኋላ አላዩም።

«ሰው እየሮጠ ቢሆን እሺ» አለኝ ዳና። «ቆሞ ነው ማለት ይቻላል። በቆመበት ዓይኑ ጠፋ።»

የዳና ዋና ተከራካሪ አቡበከር ነበር። አቡበከር ከላንቴ ሙዝ እየገዛ ወደ ሶዶ የሚልክ ነጋዴ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሳቁ ከመናኸሪያው ማዶ የሚሰማ። ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጋቢና መሃል ላይ ነው። መሃል ወንበሩ ቀበቶ የለውም፤ ኖሮትም ስለማያውቅ ዳና እዚያ የተቀመጠን ሊያስገድድ አይችልም። አቡበከር የሚወደውም ለዚሁ ነበር።

«ቀበቶ ለፈረንጅ መንገድ ነው» ይል ነበር። «እዚያ መኪና ከመኪና ጋር ነው የሚጋጨው። እኛ አገር ገደል ነው፣ ወንዝ ነው። ታስሬ ከምገባ ተፈትቼ ብወረወር ይሻለኛል።»

«ተወርውረህ የት ልታርፍ ነው? ፍራሽ ላይ?» ይለዋል ዳና።

«አላህ ያዘጋጀልኝ ላይ።»

«ቀበቶውንም እኮ እሱ ነው ያዘጋጀው።»

ከዚያ ሁለቱም ከኋላቸው የተቀመጥኩትን እኔን ይጠይቁኛል። እኔም እንደ መምህር አስረዳለሁ፤ መኪናው ሲቆም ሰውነታችን በነበረበት ፍጥነት መሄዱን አይተውም፣ አንድ ነገር እስኪያስቆመው ይቀጥላል እላለሁ። አቡበከር ይስቃል። «መምህር፣ ያንተ መኪና ሰሌዳ ላይ ነው የሚሄደው!» እየሳቅን ላንቴን እናልፋለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ማንንም አላሳመነም። መንገዱ ግን ያጥር ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰሊሆም ወደ ጋቢናው መጣች። የወይዘሮ ዓለምጸሐይ ልጅ ናት። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድበው መጥተው፣ የሲቀላን ግማሽ ሕዝብ አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ያለቻቸው ሰሊሆም ብቻ ነበረች። ልጅቷ በላቦራቶሪ ትምህርት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ በመጨረሻ ብርብር ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። እሷም እንደኔ ሰኞ ትሄዳለች፣ ዓርብ ትመለሳለች። በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች፣ አቡበከር መሃል፣ ዳና መሪው ላይ። የዳናን አማርኛ እያረመች ታስቀው ነበር፤ ከሷ ሲሆን ደስ ይለዋል።

ግንቦት ላይ፣ አደጋው በደረሰበት ሰኞ፣ እኔ አልነበርኩም። ጥርሴ አብጦ ቤት ቀርቼ ነበር። የምነግራችሁ ዳናና አቡበከር በየፊናቸው የነገሩኝን ነው።

ሰሊሆም ያን ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ጤና ጣቢያው እንግዶች ይጠብቅ ነበር። ቀበቶውን አየችው፤ አቧራ ለብሷል።

«ጋሽ ዳና፣ ዛሬን ብቻ ማረኝ» አለችው። «ሸሚዙን ሌሊቱን ስተኩሰው ነው ያደርኩት።»

«ቀበቶ ሳይታሰር አልንቀሳቀስም።»

«ለዚህች ለብርብር መንገድ?»

አቡበከርም ገባበት። «ተዋት እባክህ! ልጅቷ እንደ ሙሽራ ለብሳ!»

ዳና ሞተሩን አጠፋ። ከመሪው በታች ጨርቅ አወጣና በአቡበከር ደረት ላይ ተንጠራርቶ ቀበቶውን ከላይ እስከ ታች ጠረገው። ከዚያ ሰጣት። «በል እሰር» አላት።

«እሰሪ ነው የሚባለው» አለችና እየሳቀች አሰረች።

ላንቴን ሊያልፉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከሙዝ ማሳው መካከል የአህያ ጋሪ ድንገት አስፋልቱ ላይ ወጣ። ጋሪው ላይ አንዲት ሴት ከነሕፃኗ ነበረች። ዳና መሪውን ወደ ቀኝ ሰበረ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር የመንገዱ ጠርዝ ከጎማው ሥር ተናደ። መኪናው እንደ በሬ በጎኑ ተኛ፤ የተኛው በመንገዱ ዳር በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ውስጥ ነው። የሰሊሆም መስኮት ከታች ሆነ፣ የዳና ከላይ።

አቡበከር የፊት መስታወቱን በጀርባው በርቅሶ ወጣ። ራሱን ያገኘው አዲስ በተኮተኮተ ጭቃ ላይ፣ ሁለት የሙዝ ተክል ከበታቹ ተሰብረው ነው። ክንዱ ተሰብሯል። ሌላ ምንም አልሆነም። ከኋላ የነበሩት አንዱ በአንዱ ላይ ተከመሩ፤ የአንዲት ሴት እግር ተሰበረ፣ ሌሎቹ ተፈነካክተው በመስኮት ወጡ።

በቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ከጉልበት አያልፍም ነበር። ግን የሰሊሆም ፊት ከውሃው በታች ነው።

ዳና ከላይ በቀበቶው ተንጠልጥሏል። ክብደቱ ሁሉ ቀበቶው ላይ ስላረፈ መቆለፊያው አልከፈት አለው። እጁን ወደ ታች ዘረጋ። ፀጉሯን ነካ። ትከሻዋን ያዘ፣ ሳበ፤ ቀበቶዋ ወጥሮ ይዟታል። የሷን መቆለፊያ በጣቱ ጫፍ ደረሰበትና ተጫነው። አልተፈታም። እንደገና ተጫነው። እጇ መጥቶ እጁን እንደያዘው ነግሮኛል።

ከማሳው ገበሬዎች ገጀራ ይዘው ሮጡ። ለመድረስ የቀለላቸው ዳና ነበር፤ ከላይ ነውና።

«እሱን አስቀድሙ! ከታች ያለውን!» ብሎ ጮኸ። በአፉ የመጣለት «እሱን» ነው። ገበሬዎቹ ወንድ ፈለጉ። አቡበከር ከጭቃው ውስጥ ሆኖ «ልጅቷን! ልጅቷን!» ሲል ገባቸው። ግን የፊት መስታወቱ በኩል በቦዩ ዳር ተዘግቷል፤ በላይኛው በር ደግሞ ዳና በመካከል ተንጠልጥሎ ማንም ወደሷ ሊያልፍ አልቻለም። ቀድመው የሱን ቀበቶ ቆረጡ። ሲቆረጥ ወደ ታች ወደቀ። የወደቀው በሷ ላይ ነው።

አውጥተው ሳር ላይ ሲያስተኟት የዳናን እጅ የያዘው እጇ ተፈትቶ ነበር።

*

ዳናን በዕለቱ ፖሊስ ወሰደው። ጉዳዩን የያዘው ሳጅን ብርሃነመስቀል የሚባል የትራፊክ መርማሪ ነበር፤ ከዚያ መንገድ ላይ ሬሳ ሲያነሳ ዓመታት ያስቆጠረ ሰው። የጎማውን ዱካ ለካ፣ ባለጋሪዋን ጠየቀ፣ ገበሬዎቹን ጠየቀ። ዳና በዝግታ ይነዳ እንደነበርና የሸሸው ሁለት ነፍስ ለማዳን እንደሆነ ጻፈ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለቀቁት።

ዳና ከጣቢያ ወጥቶ ቤቱ አልገባም። ሚስቱ አበቡ ልብስ ይዛለት በር ላይ ቆማ ነበር። «መጀመሪያ ልታጠብ» አላት፣ ጣቢያው ቧንቧ ላይ ታጠበ፤ ልብሱን ቀየረና «እንሂድ» አላት። እኔም ተከተልኳቸው። የወይዘሮ ዓለምጸሐይ ቤት ድንኳኑ ተነሥቷል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ግን ገና ግድግዳው ሥር ነበሩ። ጥቂት ሰው ተቀምጧል፤ የክንዱን ጄሶ ያንጠለጠለው አቡበከርም አለ።

ዳና በሩ ላይ ተንበረከከ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ቀና ብለው አዩት።

«ተነሥ» አሉት። «ተቀመጥ። እንዴት እንደሆነ ንገረኝ። ሁሉም ይነግረኛል፣ አንተ ንገረኝ።»

ነገራቸው። በዚያ በሚምታታው አማርኛው፣ «ሰሊሆም መጣ፣ ገባ፣ ተቀመጠ» እያለ። እኚያ ሴት የሰው አማርኛ ሲጣመም ዝም ማለት የማያውቁ ናቸው፤ እኔን እንኳ በገበያ መካከል አርመውኛል። ያን ቀን አንድም ቃል አላረሙም።

«ቀበቶውን ራሷ ናት ያሰረችው?» አሉት።

አበቡ የባሏን ጉልበት በእጇ ያዘች። ዝም በል ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። አዎ ብሎ ቢያልፈው የሚመሰክርበት አቡበከር ብቻ ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቷል።

«አልፈልግም ብሎ ነበር» አለ ዳና። «ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። እኔ ነኝ አልነሳም ያልኩት። እኔ ነኝ ያሳሰርኩት።»

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ለምን አስገደድካት?»

«እንዳይሞት ብዬ ነው፣ እትዬ።»

እሳቸው ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና እስክንወጣ ድረስ አልተመለሱም። በመንገድ ላይ ዳና «ልነግራቸው አይገባም ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

*

ከዚያ በኋላ ከተማው በሙሉ ተከራካሪ ሆነ። ባጃጅ ውስጥ፣ ጫት ተራ፣ ሻይ ቤት፣ ወሬው አንድ ነበር። ቀበቶ ያሰረችው ሞተች፣ ያላሰረው ተረፈ። አቡበከር ክፋት የለበትም፤ ሰው ሲጠይቀው የሆነውን ይናገራል። «በመስታወቱ ወጣሁ፣ ሙዝ ላይ አረፍኩ» ይላል፤ እንደ ድሮው ግን አይስቅም። እኔ የክፍሌ ተማሪዎች ስለ ቀበቶ ጠየቁኝና የማውቀውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ሰሊሆምስ?» አለኝ። ደብተራችሁን ዝጉ አልኳቸው።

ሐምሌ ላይ ለሹፌሮችና ለባለንብረቶች ስብሰባ ተጠራ። የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ ሁሉ በየወንበሩ ቀበቶ፣ በየሞተሩም የፍጥነት መገደቢያ እንዲኖረው ግዴታ ሊሆን ነው፣ አስተያየት ስጡ ተባለ። ዳና እንድሸኘው ስለለመነኝ አብሬው ገባሁ። አዳራሹ በሰውና በሙቀት ታፍኗል።

አንድ ባለንብረት ተነሥቶ ቀበቶ መግጠም ሰውን ከሬሳ ሳጥኑ ጋር ማሰር ነው አለ፤ ጭብጨባ ሆነ። ሌላው መገደቢያ የተገጠመለት መኪና ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሲቀድም መሃል መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሮት እንደሚቀር ተናገረ። ከዚያ አቡበከርን አስነሡት። አቡበከር የሆነውን በአጭሩ ተናግሮ ተቀመጠ። «ይኸው ምስክር!» አሉ ከኋላ።

ሳጅን ብርሃነመስቀል ድምፅ ማጉያውን ወሰደ። «አቡበከር ተወርውሮ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «እኔ ከመንገድ ዳር ያነሣኋቸው ሌሎች የተወረወሩ አሉ። ዛሬ እነሱን ለምስክርነት ብጠራ ማን ይመጣልኛል? የተረፈ ይናገራል፣ የሞተ አይናገርም። እናንተ የምትሰሙት የተረፈውን ብቻ ነው።»

ከዚያ አንድ ሰው ተቀምጦ እንዳለ «ሰሊሆምም አትመጣም» አለ። ሳጅኑ ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ያኔ ሰው ሁሉ ወደ ዳና ዞረ። «ዳና ይናገር! የቀበቶው ጌታ ይናገር!» ዳና የፊቱን ወንበር ይዞ ተነሣ።

«የተሳፋሪው ወንበር የመጀመሪያው ቀበቶ ተበልቶ ነበር» አለ። «አምና ለዓመታዊ ምርመራ ስቀርብ ከዚሁ ከመለዋወጫ ሱቅ አሮጌ ገዝቼ አስገጠምኩ። ምርመራ ላይ ቀበቶ አለ ወይ አሉኝ። አለ አልኩ። ቦሎ ሰጡኝ። ይፈታል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ያስራል ወይ ብቻ ነው ያየሁት። ሲያስር አየሁና ደስ አለኝ።»

ሰብሳቢው ጠየቀው። «እንግዲህ አቶ ዳና፣ አንተ ይህን ሁሉ ያየህ ሰው ነህ። ይጠቅማል ነው የምትለው ወይስ አይጠቅምም?»

ዳና ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። ወደኔ ዞሮ አየኝ፤ እንደ ድሮው፣ መምህር አንተ ንገራቸው እንደሚል። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ከመቶ ግጭት በስንቱ ቀበቶ ሰው እንደሚያድን አንብቤያለሁ፣ አስተምሬያለሁ። ተነሥቼ ልናገር ፈለግሁ፤ ግን አጎነበስኩ።

«አላውቅም» አለና ተቀመጠ።

ስብሰባው ጉዳዩ በጥናት ይታያል ተብሎ አለቀ። እስካሁን ይታያል።

*

ዳና ወደ መንዳት ተመለሰ። ምን ያድርግ? ሌላ ሙያ የለውም፣ ሦስት ልጆች አሉት። ባለንብረቱ መኪናውን አስጠግኖ ለጋቢናው አዲስ ቀበቶ አስገባ። ዳና በየማለዳው መናኸሪያ ሲደርስ ያን ቀበቶ ያስርና ይፈታዋል፣ ያስርና ይፈታዋል። ባዶውን ይፈታል። ሰው ሲንጠለጠልበት ይፈታ እንደሆነ ማን ሊያውቅ ይችላል? የራሱን ያስራል። ለተሳፋሪ ግን አንድም ነገር አይልም። «ልሰረው?» ብለው ሲጠይቁት መሪውን ያያል። ተራ አስከባሪው በሩን ሲመታ ወዲያው ይነሣል።

በጥቅምት አንድ ሰኞ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ መናኸሪያ መጡ። የልጃቸው ዕቃ ብርብር፣ በተከራየችው ክፍል ውስጥ እስከዚያ ቀን ተቆልፎ ነበር። አከራይዋ ክፍሉን ለሌላ ሰው ልትሰጥ ስለሆነ ሊያነሡ ነው። ሁለት መኪና ተራ ይዞ ነበር፤ ፊተኛውን አልፈው ወደ ዳና መጡ።

«ከማላውቀው ሹፌር ካንተ ጋር ይሻለኛል» አሉት።

ዳና ወርዶ ደግፎ አስገባቸው። አቡበከር መሃሉን ትቶ ወደ ኋላ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። እሳቸው በመስኮቱ በኩል ሆኑ። ቀበቶውን አዩት፣ በእጃቸው ሳቡት፣ መቆለፊያውን ደባበሱ።

«ልሰረው ወይስ ልተወው?» አሉት።

ዳና መሪውን አየ። ከኋላችን ያለች ተሳፋሪ «እንሂድ እንጂ» አለች፤ አቡበከር ዞሮ አያት። እኔ እሰሩት ልል ስል ያ የሰሊሆም ነጭ ሸሚዝ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ጥቂት ጠበቁት። ከዚያ ቀበቶውን በደረታቸው ላይ ሳቡና ሳይቆልፉት ጫፉን በእጃቸው ያዙ። ዳና ሞተሩን አስነሣ። ላንቴን ስናልፍ በጣም ቀስ አለ፤ ብስክሌት ቀደመን። እሳቸው ወደ ቦዩ አልዞሩም። እስከ ብርብር ድረስ እጃቸው ከቀበቶው ጫፍ አልተላቀቀም፣ ወደ መቆለፊያውም አልሄደም።

ሲወርዱ ነጠላቸውን አስተካከሉና «መቼ ነው የምትመለሰው?» ብለው ጠየቁት።

«ሰባት ሰዓት ላይ፣ እትዬ።»

«ዕቃው ብዙ አይደለም» አሉት። «ጠብቀኝ።»